ጉም የሚተፋ ግድግዳ

የመንዝ ሰው ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አይወድም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያነባብር፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሲያቦካ፣ ሐሳቡ ሁሉ የሞላሌ ነፋስ ጣቱን የሚያስገባበት ስንጥቅ እንዳያገኝ ነው። ስለዚህ መምህር ተገኘ ዶማውን አንሥቶ በጓሮው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ያውም ከጣሪያው ሥር በደህናው በኩል ቀዳዳ ሲከፍት፣ እናቱ እማማ ወለተኪዳን ነጠላቸውን አገልድመው መጡና ቆመው አዩት።

«ምን በደለህ ልጄ ይሄ ቤት?»

«እርጥበቱ የሚወጣበት ነው እማዬ።»

«እርጥበት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በር የሚያስፈልገው?»

የተገኘ ሚስት ጌታነሽ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ያገባችው ባለፈው ጥር ነው፤ በአማቷ ፊት ጥርሷን ለማሳየት ገና አልደፈረችም። ልቧ ግን ከባሏ እኩል በዚያ ክፍል ሥራ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላሌ ላይ በሐምሌ የታጠበ ልብስ የሚደርቀው መስከረም ሲጠባ ነው። ጉሙ ጠዋት ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ገለጥ ይላል፣ ወዲያው ዝናቡ ይተካል። ከምድጃ በላይ ያሰጡት እንደሆነ ነጩ ልብስ የኩበት ጭስ ጠጥቶ እንደ እርድ ቢጫ ይሆናል። ተገኘ ኮሌጅ ሳለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምድጃ ሙቀት ልብስ የሚያደርቅ ክፍል አይቶ ነበር። የሞላሌ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆኖ ሲመጣ ያንን ክፍል ከነሐሳቡ ይዞት መጣ። የመንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱትን የናፍጣ በርሜል አገኘ፤ አጋድሞ አፍ ቀደደለት፤ ከቆርቆሮ የጠቀለለውን ቱቦ ቀጥሎ በወዲያኛው ጎን ግድግዳ አሳልፎ ወደ ውጭ አወጣው። እሳቱ በርሜሉ ውስጥ ይነዳል፣ ጭሱ በቱቦው ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ የሚቀረው ሙቀቱ ብቻ ነው። ቀዝቃዛው አየር በበሩ ሥር ገብቶ ይሞቃል፤ የልብሱን ውሃ የተሸከመው አየር ከላይ ባለው ቀዳዳ ይወጣል።

ለሙከራ የጌታነሽን ነጠላ ሰቀሉ። ጠዋት የተሰቀለው ነጠላ ለምሳ ደረቀ። ጌታነሽ ፊቷን ብትቀብርበት ጭስ አልሸተታትም፤ ለብ ያለ፣ ንጹሕ ነገር ነው። ከደስታዋ ብዛት ባሏን እንኳ ሳታማክር እየሮጠች ወደ መሪጌታ አፈወርቅ ሄደች።

መሪጌታ በደብሩ የመዘምራኑ አለቃ ናቸው፤ አንደበታቸው እንደ ወረንጦ የሚነቅል ሽማግሌ። ጌታነሽ ጉልበታቸውን ስማ ስታበቃ፣ «የመዘምራኑን ልብስ ለፍልሰታ እኔ አጥቤ አደርቃለሁ» አለቻቸው። ልብሰ ተክህኖውን አይደለም፤ እሱን ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይነካውም። እሷ ያለችው ማኅሌት የሚቆሙበትን ነጫጭ ኩታና ጥምጣም ነው።

«ልጄ፣ ክረምትን የሚያደርቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አሏት።

«እሱ ባይፈቅድ በርሜሉን ከየት አገኘነው አባቴ?»

መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ ሳቁ። «አፍሽ መልካም ነው። በይ ውሰጂ። ባይደርቅ ግን ለእመቤታችን በዓል ደበሎ ለብሰን ነው የምንዘምረው። በጎች በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ደግሞ ስምሽን እስከ ራቤል ያደርስልሻል።»

ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ ጌታነሽ ግን እያሰላሰለችው ወደ ቤቷ ተመለሰች። አዲስ ሙሽራ በአገሩ ላይ የሚወጣላት ስም አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ ነው።

ከአማቷ ጋር ወንዝ ወርደው ልብሱን በእንዶድ አጠቡት። እማማ ወለተኪዳን ቀዳዳውን ቢጠሉም ሥራውን አልጠሉም፤ ክንዳቸውን ሰብስበው ከምራታቸው እኩል አሹ፣ እኩል ጨመቁ። ወደ ማታ ልብሱ በገመዱ ላይ ተደረደረ፣ በርሜሉም ተለኮሰ። ኩበቱን በግንቦት ፀሐይ ጠፍጥፈው ያደረቁት እሳቸው ስለሆኑ፣ «እሳቱን ለኔ ተዉልኝ» አሉ።

በፍልሰታ ዋዜማ ጠዋት ጌታነሽ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ በጥፊ መታት። «ደርቋል!» ብላ ዘላ ገባችና የመጀመሪያውን ኩታ ያዘች። ኩታው ረጥቧል። ሁለተኛውም ረጥቧል። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ግድግዳው አልቦታል። በጥጉ በኩል እማማ ወለተኪዳን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ይዘዋል።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ… ልብሱን ላገላብጥ ብዬ በማለዳ ገባሁ። ራሴን ያዞረኛል፤ ሙቀቱ ነው መሰል።»

ጌታነሽ ብብታቸው ሥር ገብታ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ቀዝቃዛው አየር ሲነካቸው በረዥሙ ተነፈሱ፤ ጥቂት ቆይተውም፣ «ተይኝ አሁን፣ ሕፃን ነኝ?» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸውን ስትሰማ ጌታነሽ ልቧ ተመለሰ።

ተገኘ ጋቢውን እየጎተተ ደረሰ። «እሳቱ አንሶ ይሆናል፤ ኩበት እንጨምር።»

«እሳቱማ ያቃጥላል!» አለች ጌታነሽ። «ክፍሉ ግሏል፣ ልብሱ ግን አልደረቀም። ውሃው ከልብሱ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ነው ያለው። ልክ እንደ…» አለችና ቆመች። «ልክ እንደ ድስት ክዳን! ወጥ ሲፈላ ክዳኑ ላይ የሚያቸፈችፈውን አታውቅም? መሄጃ ሲያጣ እኮ ተመልሶ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። ተገኘ፣ ቀዳዳው የታለ?»

ሁለቱም ወደ ክፍሉ ገብተው ቀና አሉ። ብርሃን ይገባበት በነበረው ቦታ ብርሃን የለም። አሮጌ የበግ ደበሎ ተጠቅልሎ፣ እስከ ጥግ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል።

እማማ ወለተኪዳን በበሩ ላይ ብቅ አሉ። «እኔ ነኝ። ማታ ሙቀቱ እንደ ወንዝ ሲወጣ በእጄ ዳሰስኩት። ኩበቴን ለነፋስ አላበላም ብዬ ደፈንኩት። ለልብሱ ብዬ ነው።»

ተገኘ እናቱን አልተቆጣም። መንዝ ተወልዶ ያንን ቀዳዳ ያልደፈነ ሰው ካለ እሱ እንግዳ ነው። ቱቦውን መረመረና ከበርሜሉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላላ ብሎ አገኘው። «የእሳቱ ትንፋሽ በዚህ ሾልኳል። ለዓይን አይታይም፤ ራስዎን ያዞረዎት ግን እሱ ነው። ክፍሉ ተደፍኖ ትንሽ ቆይተው ቢሆን…» አለና እሳቱን አወጣ፣ ቱቦው እስኪበርድ ጠብቆ መጋጠሚያውን በጭቃና በአመድ መረገው። «ከእንግዲህ እሳቱ ሲነድ ቀዳዳው አይዘጋም፤ እዚህ ውስጥም ማንም አይቀመጥም። ገብቶ አገላብጦ መውጣት ነው።»

«የደፈንኩትን እኔው እከፍታለሁ» አሉ እናቱ፤ እሳቱ እንደገና ሲያያዝ ዱላ ተቀብለው ደበሎውን ወደ ውጭ ገፉት።

ወዲያው ግድግዳው ተነፈሰ። ከቀዳዳው ነጭ እንፋሎት እየተግተለተለ ወጣ፤ ከቀዝቃዛው ጉም ጋር ሲገናኝ እያበጠ እያበጠ ከጣሪያው በላይ ተነሣ። ጌታነሽ ውጭ ቆማ አየችውና አጨበጨበች። «እየወጣ ነው! ውሃው እየወጣ ነው!»

አጨብጭባ ሳትጨርስ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተነሣ።

«ኡኡ! እሳት! የመምህሩ ቤት ተቃጠለ! ድረሱ!»

የጩኸቱ ባለቤት ጎረቤታቸው ዳኜ ነበር፤ ለእርዳታ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ለመጠየቅ ከሁሉ የሚዘገይ ሰው። ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ አጥሩን ዘለለ። ከኋላው ሴቱም ወንዱም እንስራ፣ ገንቦ፣ ድስት ያገኘ ድስት ይዞ ይጎርፋል።

«አይደለም! እሳት አይደለም!» ጌታነሽ ወደ በሩ ሮጠች። «ውሃ እንዳታስገቡ! የመዘምራኑ ልብስ ነው!»

«ልብሱ ነው የተቃጠለው? ዞር በይ አንቺ ልጅ!» ዳኜ ባልዲውን አነሣ።

ጌታነሽ ሁለት እጇን መቃኖቹ ላይ ዘርግታ በሩን ሞላችው። ባልዲው ሙሉ ውሃ ከአናቷ እስከ ጫማዋ ወረደባት። ቅዝቃዜው ትንፋሿን ቢቀማትም እጇን አላነሣችም። የሚቀጥለው እንስራ ወደ ላይ ሲነሣ ከሕዝቡ ኋላ፣

«ተዉ! ጭስ እኮ ይሸታል፤ ይሄ ምን ይሸታል?» የሚል ድምፅ መጣ። መሪጌታ አፈወርቅ ነበሩ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን አነሣ። ምንም አይሸትም። መሪጌታ ጌታነሽን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አንቺስ በደንብ ታጥበሻል። ልብሳችን እንዴት ሆነ?»

«እየደረቀ ነው አባቴ» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ እማማ ወለተኪዳን የራሳቸውን ጋቢ በትከሻዋ ላይ እየጣሉ፣ «አሁን ደግሞ ምራቴን አስጡልኝ!» ጌታነሽ ጥርሷን ሳትሸፍን ሳቀች፤ ሕዝቡም አብሮ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ዳኜ ነበር።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ግቢው ውስጥ ቆመው ግድግዳው ጉም ሲተፋ አዩ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ሳሳ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጨርሶ ጠፋ። ጌታነሽ ገባች። የመጀመሪያውን ኩታ በጉንጯ ነካችው፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ውስጥ ሆና እልል አለች፤ ውጭ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት።

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ተቀብለው አሸተቱት። ጭስ የለውም፤ ያውም ገና ይሞቃል። እዚያው ጠመጠሙት፤ ለማኅሌቱ ገና ሰዓት ነበር፣ ግን ሊያወልቁት አልፈለጉም።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ዳኜ የረጠበ በርኖሱን በክንዱ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከኋላው ያ ባለ እንስራ፣ ባለ ገንቦ ሁሉ እርጥብ ባናውንና ጋቢውን ተሸክሞ ተሰልፏል። ዳኜ ወደ ቀዳዳው ቀና ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ ሙቀት እንዲያው በከንቱ ይወጣል?» አለና አንድ እፍኝ ጭድ አነሣ።

እማማ ወለተኪዳን ዱላቸውን አነሡ።

«ዳኜ! ያንን ቀዳዳ ብትነካ፣ በርኖስህን ለብሰኸው ትደርቃለህ!»