ዘጠኙ ሳጥኖች

መነጽር ሠሪው የዛሬ ሚስቱን ሊጠይቅ ወደ አባቷ ቤት በሄደ ዕለት የዋሸው አንዲት ውሸት ብቻ ነበር። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሆነው ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ኳስ ይወድ እንደሆነ ቢጠይቁት «ነፍሴ ናት» አላቸው። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኼ ነው።

ከሠርጉ በኋላ የቤት ኪራይ አልቀመስ ስላለ እዚያው አባቷ ቤት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ስልካቸውን ይዘው ጠዋት ጠዋት ከጎኑ መቀመጥ ጀመሩ። በነጻ የሚገኝ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ሳጥን አለው፤ ከላይና ከጎን የቡድኖች ስም ተጽፏል። ሁለት ስሞች በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ለሁለቱም ቡድን የተጫወተ ሰው ስም ይሞላል። ግምቱም ዘጠኝ ብቻ ነው፤ የሳቱት አይመለስም። በየቀኑ አዲስ ይወጣል፤ በዓል የለው፣ እረፍት የለው።

ውሸቱ እንዳይታወቅበት በሥራ ቦታው መስተዋት እየሞረደ የተጫዋች ስም ሸመደደ። ባሰበት እንጂ አልቀለለውም፤ አንድ ሳጥን በሞላ ቁጥር ሽማግሌው ጉልበቱን መታ መታ አድርገው «የእኔ ልጅ!» ይላሉ። ሳሎኗ ጠባብ፣ ሶፋው የሰመጠ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ የሥራ ሰዓት ይረፍዳል፤ እሱ ግን ተነሥቶ መሄድ አልሆነለትም።

ነርሷ ሚስቱ አንድ ቀን ሁለት ክፍል ቤት አገኘች። አከራይዋ እስከ ዓርብ መልስ ፈልጋለች። ለአባቷ እሱ እንዲነግራቸው ለመነችው፤ ከእሷ ይልቅ የእሱን ይሰማሉ። እሺ አለ። በየጠዋቱ «አባባ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ «ቆይ፣ ይቺን እንጨርስ» ይሉታል። ይቺ ስታልቅ ሌላዋ ትመጣለች። ዓርብ እንዲሁ አለፈ፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሚስቱ ይኼን የሰማችው ከአከራይዋ ነው። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሁለቱ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ልንወጣ ቤት አግኝተን ነበር። ይኼ ሰውዬ አንተን ፈርቶ አስወሰደው። ኳስም አይወድም፤ ወዶም አያውቅ።»

መነጽር ሠሪው መሬት ብትከፈትለት በገባ። ሽማግሌው ግን አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ገና ሊጠይቅሽ የመጣ ዕለት ነው ያወቅሁት። የቅጣት ውርወራ ስንት ነጥብ እንደሆነ አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ አባባ፣ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ተቀመጥክልኝ። የተቀመጠልኝን ሰው ተነሥ ልበለው? አብሮኝ የሚቀመጥ ሌላ ማን አለ?»

ሚስቱ ሌላ ቤት እንደምትፈልግና በዚህኛው የማንንም አፍ እንደማትጠብቅ ተናግራ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

በማግሥቱ ሽማግሌው ወደ ሳሎን አልወጡም። መነጽር ሠሪው ሻዩን በትኩሱ ጠጣ። ስንት ጊዜ የተመኛት ጠዋት ነበረች። ከግድግዳው ወዲያ አማቱ ብቻቸውን ስም ያጉረመርማሉ፤ አንዱን ይጠራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ «እሱም አይደል» ይላሉ። መልሱን ያውቀዋል። ጫማውን አሥሮ እስከ ደጃፉ ሄደ፤ እጀታውንም ያዘ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባ።

ቀና ብለው ሳያዩት በአልጋው ጠርዝ ላይ ፈቀቅ አሉለት።

«ስንት ቀረዎት?»

«ሁለት ሳጥን። ግምቱ ግን አንድ ነው።»

ሚስቱ በኮሪደሩ ስታልፍ በተከፈተው በር አየችው። ጃኬቷን ደርባ ቤት ልታይ ብቻዋን ወጣች፤ እሱም የእርምጃዋን ድምፅ እስኪጠፋ እየሰማ፣ የተጫዋቹን ስም ለሽማግሌው ቀስ ብሎ ነገራቸው።