ለፎቶ የተሰጠ ኳስ

ሥራነሽ የስፖርት መምህርት ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሉማሜ ላይ ከመኪና ወርዶ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ያስኬዳል። ሰኔ ሲያልቅና ካርድ ሲታደል ባልደረቦቿ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ገሚሱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ገሚሱ ወደየዘመዱ ይበተናል። እሷ ግን ክረምቱን እዚያው ስትከርም ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «ጭቃው አያስወጣም» ብላ ታልፈዋለች። እውነቱን ለመናገር ያስቀራት የልጆቹ ነገር ነው።

በዚያ አገር ልጅ ክረምቱን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጠዋት ከአባቱ ጋር ለአረም ይወጣል፤ ሴቷ ደግሞ በዚያ ላይ ውኃውና እንጨቱ አለባት። ሥራነሽም ገበሬ ያሳደጋት ስለሆነች ሥራው አላስደነቃትም። አንጀቷን የበላት ሌላ ነው። አምና በመስከረም፣ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አስነስታ «ክረምቱን ምን ስትጫወቺ ከረምሽ?» አለቻት። ልጅቷ ጥያቄው ያልገባት ይመስል ዝም ብላ አየቻት። ዜማ ትባላለች፤ የአያ እንዳላማው ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሥራነሽ አንድ ዘዴ ዘየደች። ገበሬ በሥራ ቀን ልጁን ለጨዋታ አይለቅም። በበዓል ቀን ግን እሱም ሞፈር አይነካም፣ ልጁንም ለአረም አይልክም። እሷም ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን የጨዋታ ቀን አደረገቻቸው። ከቅዳሴ መልስ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ገብተው እየዘለሉ ይሽቀዳደማሉ። በበሬ ገመድ ሁለት ወገን ሆነው ይጓተታሉ። ውኃ እንዲወርድበት በሜዳው ዳር የተቆፈረውን ፈሰስ ተንደርድረው ይዘላሉ፤ ያልቻለው ጭቃው ውስጥ ይወድቅና ይሳቅበታል። ኳሳቸው የጨርቅ ነው። ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ስለሚከብድ የመታው ልጅ እግሩን ይዞ ይቀመጣል።

ዜማ ፈሰስ በመዝለል ወንዶቹን ሁሉ በለጠች። አባቷ መጀመሪያ ላይ «ሴት ልጅ ምን ያዘልላታል» ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ስትዘል አዩዋት። በሚቀጥለው በዓል ራሳቸው ይዘዋት መጡ።

ታዲያ በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ርእሰ መምህሩ አቶ ገዳሙ አስጠሯት። ፊታቸው በርቷል።

«ደስ የሚል ነገር አለ» አሉ። «አንድ ድርጅት ከወረዳው ጋር ሆኖ የልጆች የክረምት እንቅስቃሴ ሊያስጀምር ነው። የኛ ትምህርት ቤት ተመርጧል። ኳስ አለ፣ መዝለያ ገመድ አለ፣ መለያ አለ። ማክሰኞ ይመጣሉ።»

«ማክሰኞ የሥራ ቀን ነው» አለች ሥራነሽ። «ሐሙስ ሚካኤል ነው። ሐሙስ ቢሆን ልጁ ሁሉ በገዛ ፈቃዱ ይመጣል።»

«ብያቸው ነበር። ለነሱ የሚመቻቸው ማክሰኞ ነው።»

ሥራነሽ ልጆቹን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃ ከቤት ቤት ዞረች። አያ እንዳላማውን ያገኘቻቸው ማሳቸው ዳር ነው። ስንዴውን አረም ውጦታል።

«ታዪው የለም ወይ» አሉ። «ይኼን ጥዬ ልጅ ለጨዋታ ልልቀቅ?»

«እውነተኛ ኳስ ነው የሚሰጧቸው አያ። ለዘንድሮም ለከርሞም የሚሆን።»

«ሰጥተው ይሄዳሉ?»

«ሰጥተው ይሄዳሉ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ባንቺ ቃል» አሉ። ሌሎቹም ቤቶች ነገሩ እንዲሁ ነበር። ድርጅቱን የሚያውቀው የለም፤ ልጁን የለቀቀው ሁሉ በሥራነሽ ቃል ለቀቀ።

ማክሰኞ ሰባ የሚሆኑ ልጆች ልብሳቸው ታጥቦ፣ እግራቸው ታጥቦ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ተገኙ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደና ልጆቹ ከክፍሎቹ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ግድግዳ ተለጥፈው ቆሙ። ሁለት መኪኖች ጭቃውን እየረጩ የመጡት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከፊተኛው መኪና የወረደው አምደሚካኤል ይባላል፤ የድርጅቱ አስተባባሪ ነው። ገና ወጣት፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ካሜራ ያነገተ አበባው የሚባል ልጅ ተከትሎታል። በሜዳው ዳር ያሉትን ሁለት ባሕር ዛፎች አያይዘው አንድ ሰፊ ጨርቅ ዘረጉ፤ «ልጆቻችን በክረምት ንቁ ይሁኑ» ይላል። አምደሚካኤል የድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«ልጆች» አለ፣ «ክረምቱን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ፣ ስልክ ሲነካኩ መዋል ጤና ይጎዳል። ከቤት ውጡ። ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀበሌው ውስጥ መብራት አልገባም። ዜማ ማለዳ ለአረም ወጥታ፣ ከዚያ ውኃ ቀድታ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ላይ የአረሙ አረንጓዴ ገና አልለቀቀም። ሥራነሽ ልትናገር ነበር፤ ስለ ኳሱ ብላ ዋጠችው።

ከዚያ ዕቃው ወረደ። አሥር ኳስ፣ ሃያ መዝለያ ገመድ፣ ቢጫ መለያ። ኳሶቹ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሜዳው በአንድ ጊዜ ሌላ ሆነ። ገመድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ገመድ ሲዘል፣ ከታናሾቹ አንዱ ኳስ አቅፎ ሲሮጥ፣ ሌሎቹ እየሳቁ ሲያባርሩት፣ ሥራነሽ የጠዋቱን ጥበቃ ረሳችው። ዜማ መለያውን ለብሳ ፈሰሱን ዘለለች። አበባው አየና «ድገሚው» አላት። ደገመችው። «አሁን ወደዚህ እያየሽ ሳቂ።» ሦስተኛም ዘለለች።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አምደሚካኤል ሰዓቱን አየና ለሾፌሮቹ «በሉ ሰብስቡ፤ ዝናብ ሳይመጣ እንውጣ» አላቸው።

ሥራነሽ መጀመሪያ ጨርቁን የሚሰበስቡ መስሏት ነበር። ሾፌሩ ከአንድ ልጅ እጅ ኳስ ሲቀበል አየች። ሁለተኛውን ተቀበለ። ልጆቹ ለእንግዳ እንቢ ማለት አልለመዱም፤ መለያውን በራሳቸው በኩል እያወለቁ ሰጡ። ያ ትንሹ ብቻ ኳሱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቁጭ አለ። ሾፌሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ሥራነሽ።

«ነገ ደግሞ ሌላ ቀበሌ ፕሮግራም አለን» አለ አምደሚካኤል፣ ነገሩ የታወቀ ይመስል። «ለእናንተ የሚደርሳችሁ በሁለተኛው ዙር ይመጣል። ይኼ ለማስጀመሪያው ነው።»

«የሰጣችኋቸው እኮ በእጃቸው ነው። በእጃቸው ሰጥታችሁ ከእጃቸው ትነጥቃላችሁ?»

«መምህርት፣ ነጠቃ አይደለም። አሠራር ነው።»

ይህን እያለ ከቦርሳው ወረቀት አወጣና ለአቶ ገዳሙ ዘረጋላቸው። ሥራነሽ በትከሻቸው በኩል አነበበችው። የስፖርት ዕቃው ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ከግርጌው «ለትምህርት ቤቱ በስጦታ መስጠታቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። የፊርማ ቦታ አለ፣ የማኅተም ቦታ አለ።

«አቶ ገዳሙ፣ ይኼን እንዳይፈርሙ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ሰባ ልጅ ከአረም አስወጥቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቃሌን ያመኑት እነዚህ ገበሬዎች ናቸው። ግማሽ ቀን አቁመው፣ ዝናብ አስመትተው፣ ለሥዕል አዘልለው፣ የለበሱትን አስወልቀው ሊሄዱ ነው። በዚያ ላይ ሰጡን ብላችሁ መስክሩልን ይላሉ።»

አያ እንዳላማው ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበርና ሁሉንም ሰሙ። በትራቸውን ይዘው ወደ መኪናው ተጠጉ።

«ልጄ» አሉ አምደሚካኤልን፣ «እናት አባት አለህ?»

«አሉ አባቴ።»

«ለልጅ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር መሆኑን አልነገሩህም? እኛ እኮ ኳስ አምጡልን ብለን ደጃችሁ አልመጣንም። እናንተ ናችሁ የመጣችሁብን።»

አምደሚካኤል አንገቱን ደፋ፤ ግን ወረቀቱን አላጠፈም። «ትእዛዝ ነው አባቴ» ብቻ አለ።

አቶ ገዳሙ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡት። አምስት ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከወረዳ ጋር ተጣልተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በመጨረሻ «ማኅተሙ ቤት ቀርቷል» አሉና ወረቀቱን መለሱለት። ማኅተሙ በኮታቸው ኪስ ውስጥ ቅርጹን አውጥቶ ይታያል። አምደሚካኤልም አየው፤ ሥራነሽም አየችው። አምደሚካኤል ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከቶ መኪናው ውስጥ ገባ። መኪኖቹ ኳሶቹን ጭነው ሄዱ።

ያን ማታ ሥራነሽ የተበሳጨችው በአምደሚካኤል ብቻ አልነበረም። በራሷም ነበር፤ ሰጥተው ይሄዳሉ ብላ ቃል የሰጠችው እሷ ናት።

በሳምንቱ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ስልኳን ከፈተች። የድርጅቱ ገጽ ላይ የዜማ ሥዕል ነው የጠበቃት። ቢጫ መለያ ለብሳ አየር ላይ ናት፤ እየሳቀች። ከሥሩ ለቀበሌው ልጆች የስፖርት ዕቃ እንደተበረከተ ተጽፏል። ምስጋናው ለጉድ ነው። ሥራነሽ ወዲያው ጻፈችበት፦ «የልጅቷ መምህርት ነኝ። ይህ ሥዕል በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ መለያውን ከላይዋ አውልቀው ወስደዋል። አንድም ኳስ አልቀረልንም።» አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጽሑፏ ጠፋ።

ከመጥፋቱ በፊት ግን ሕሊና የምትባል በደጀን በኩል የምታስተምር መምህርት አንብባው ኖሯል። ለብቻዋ ጻፈችላት። «እኛም ጋ መጥተው ነበር» አለች። «ኳሶቹ ላይ ቀይ ቁጥር ነበረባቸው?»

ሁለቱ ድርጅቱ ከየቀበሌው የለጠፋቸውን ሥዕሎች ፈልገው ጎን ለጎን አዩ። ሰባት ቁጥር የተጻፈበት፣ ጎኑ ላይ የተጫረ ኳስ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አራት ቀበሌ ተበርክቷል።

የጻፈችው ነገር ወረዳ ደርሶ ስለነበር ከዚያ መጀመሪያ የመጣላት ጥሪ ነው። አንድ ሹም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «አጋር ድርጅት እያስቀየምሽ ነው» አላት። «ብትታገሡ ታገኙ ነበር።»

«ልጆቹ ታግሠዋል» አለችው። «ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆመው ታግሠዋል። ከዚህ በላይ ትዕግሥት ከየት ያምጡ?»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ተቀበለችና በማግስቱ ከሕሊና ጋር ተቀጣጥረው ደብረ ማርቆስ ገቡ። የዞኑ ኃላፊ ቢሮ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሲገቡ ብዙ አላወሩም፤ አራቱን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። ሰውየው መነጽሩን አጠለቀ። ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ቆየና «ያው ኳስ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

ነሐሴ ሲገባ አንድ ሞተረኛ ከሉማሜ ሁለት ኳስና አምስት ገመድ አምጥቶ ለአቶ ገዳሙ አስረከበ። ይቅርታ የሚል ቃል አብሮት አልመጣም። የሥራነሽ ማስጠንቀቂያም ከማኅደሯ አልወጣም፤ «ጊዜው ሲደርስ ይታያል» ተባለች። እሷም ደስ አላላትም። የኛን ሀቅ ለማግኘት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደን መክሰስ ነበረብን ወይ፣ እያለች ትበግናለች።

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ዕለት፣ አንደኛውን ኳስ ይዛ ወጣችና ሜዳው መሃል አስቀመጠችው። ልጆቹ ከበው ቆሙ። አንድም የነካው የለም። ከዚህ በፊት የጨርቁን ኳስ እየተሻሙ ሊቀድዱት የሚደርሱት ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያዩታል።

«ምነው?» አለች። «ተጫወቱ እንጂ።»

ዜማ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ ወደ እሷ። «ቲቸር» አለች፣ «ፎቶ የሚያነሣው ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

ሥራነሽ የወረዳውን ሹምና አምደሚካኤልን አሁን፣ እዚህ፣ ይህችን ልጅ ፊት ለፊት አቁማ ብትጠይቃቸው ወደደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኳሱን አነሣችና በሙሉ ጉልበቷ ወደ ላይ ለጋችው። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣ። «ማንም አይመጣም» አለች። «የናንተ ነው።»

ኳሱ ሲወርድ ጥቂቶቹ ሮጡ። ሌሎቹ ግን ሥራነሽን እያዩ ቆዩ። ሁሉም ገብተው እስኪጫወቱ ረፋዱ አለፈ።