ጀርባዋን ለግድግዳ

ቨርለን መኪና ሲያቆም ሁልጊዜ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፣ ሱፐርማርኬት ይሂድ፣ ያቺን አሮጌ ፒክአፕ እያማረረ፣ አንገቱን እየጠመዘዘ ወደ ኋላ ያስገባታል። ሚስቱ ኦፓል፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከማን ነው የምትደበቀው?» ስትለው፣ «አርፈሽ ተቀመጪ!» ነበር መልሱ። የሽማግሌ አመል ነው ብላ ተወችው።

ቴነሲ ውስጥ ታርጋ የሚለጠፈው ከኋላ ብቻ ነው። ያንን ታርጋ ደግሞ ለልደቱ ብላ፣ ሳትነግረው ያወጣችለት ራሷ ናት። ሐምራዊ ልብ ያለበት፣ በጦርነት ለቆሰለ ብቻ የሚሰጥ። ከቬትናም ታፋውን በጥይት ተመትቶ ለመጣ ሰው ይሄ ቢያንሰው እንጂ! ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ደስታ መስሏት ሳመችው።

ምን ያደርጋል፣ ነገሩን የነገራት ሊሞት ሲል ነው።

«ጥበቃ ላይ ነበርኩ። ከጨለማው ሰው ሲመጣ ጠላት መስሎኝ ተኮስኩ። ዴል ነው ለካ፣ የከተማችን ልጅ! እሱም ጠላት መስዬው ተኮሰ። እሱ ታፋዬን፣ እኔ ደረቱን። ሁለቱንም ጠላት መታቸው ተባለ፤ እኔም ዝም አልኩ። አደራሽን ኦፓል፣ ስሞት ያንን ታርጋ ንቀይልኝ።»

«እሺ» አለችው። አልነቀለችም።

ቤቱ ጭር ብሎባታላ! ነዳጅ ማደያ ስትቆም ግን ታርጋውን ያየ ሁሉ ኮፍያውን ያነሳል፤ «የባለቤትዎ ነው? እግዜር ያክብርልን» ይላታል። ለዚያች ቃል ስትል ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ከረመች። ታዲያ ፒክአፗን እንደ ሰው አፍንጫዋን አስቀድማ ባቆመች ቁጥር፣ ከኋላዋ «አዙሪያት» የሚል የሟች ባሏን ድምፅ ትሰማለች። ዞር ስትል ማንም የለም። ፈራች፤ እውነት ለመናገር በጣም ፈራች።

አንድ ቅዳሜ ከሱፐርማርኬት ስትወጣ፣ ሽበታም ሴት ከፒክአፗ ኋላ ተንበርክካ ታርጋውን በጣቷ ትዳስሳለች። አጠገቧ የቆመው የሴትዮዋ መኪና የወርቅ ኮከብ ታርጋ አለው፤ ልጅ ወይም ወንድም በጦርነት ለሞተበት ቤተሰብ የሚሰጠው። ኦፓል አወቀቻት። ኢሞጂን ናት፣ የዴል እህት። ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች ሲባል ሰምታለች።

«የቨርለን ሚስት ነሽ አይደል?» አለች ኢሞጂን፣ አቅፋት እያለቀሰች።

ዛሬስ እነግራታለሁ አለች ኦፓል በልቧ። «ኢሞጂን፣ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር…»

«አውቃለሁ፣ የኔ እህት! እማዬ እስክትሞት፣ ‹ልጄ ብቻውን አልሞተም፤ ቨርለን ሊያድነው ሲል ነው የቆሰለው› ትል ነበር። እኔም ይቺን ታርጋ ሳይ ነው ልቤ የሚያርፈው። አደራሽን፣ እንዳትነቅያት።»

የሟች አደራ በአንድ ወገን፣ የቋሚ አደራ በሌላ ወገን። «እሺ» አለች ኦፓል፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ቤቷ ገብታ ካቻቪቴውን አወጣች፤ ብሎኑ ላይ ደገነችው፤ መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እሁድ ኢሞጂንን አሳፍራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰዉ በሩ ላይ ቆሟል። ኦፓል አንገቷን ጠምዝዛ፣ ፒክአፗን ወደ ኋላ ታስገባት ጀመር፤ የኋላ መከላከያው ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምነው ኦፓል! አዙሪያት እንጂ፣ ታርጋውን ሰው ይየው» አለች ኢሞጂን እየሳቀች።

«አርፈሽ ተቀመጪ!» አለቻት።