የሾፌሩ እግሮች

እግሩ ፍሬኑን መርገጡን ያወቀው አውቶቡሱ ሲቆም ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ አጥር ጋር ለመላተም የቀረው ክንድ ቢሆን ነው። ከኋላ ሆና ቲኬቶቿን ስታስተካክል የነበረችው ቲኬት ቆራጭ ወደ ፊት ተንደርድራ የወንበር ብረት ይዛ ተረፈች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን መሪው ላይ እንደጫነ ቀረ። ከአሥር ወር ሕመም በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰባት የመጀመሪያዋ ጠዋት ናት። ደግነቱ ተሳፋሪ ገና አልጫነም።

"ፍሬኑ ነው?" አለችው ጠጋ ብላ።

"ፍሬኑ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?"

ወደ ጫማው አጎንብሶ እያየ፣ "እግሬ የት እንዳለ አላውቅም" አላት።

አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር ሲገኝበት የመሥሪያ ቤቱን ሰው አስተባብራ ሆስፒታል ድረስ የወሰደችው እሷ ነበረች። መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥሩ የሚንጠባጠበው መድኃኒት፣ አሥራ ሁለት ዙር። በዚያ ሰሞን ቀዝቃዛ ነገር በነካ ቁጥር ጣቶቹን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረው ስለነበር፣ ሚስቱ የሚጠጣውን ውሃ ለብ እያደረገች፣ ፍሪጁን እንዳይከፍት እየተቆጣች አሳልፋዋለች። ያም አለፈ። የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ ነው ሲባል የሐኪሙን እጅ ይዞ አለቀሰ።

ይኼኛው የመጣው ሁሉም አለቀ ከተባለ በኋላ ነው። መጀመሪያ የእግሩ ጣቶች ደነዘዙ፤ ቀጥሎ መሬቱ ሁሉ ጥጥ የተነጠፈበት መሰለው። ባለፈው ሳምንት ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትልጠው ስትውል አልተሰማውም፤ ካልሲው ላይ ደም ያየችው ሚስቱ ናት። ጫማው ጠቦኝ ነው ብሎ አለፋት። ሐኪሙም እንዴት ነዎት ሲለው መልሱ ተመስገን ነበር። ውሸት አልነበረም። ሞት ደጃፉ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ነፍሱን ያተረፉለትን ሰዎች በጣት መደንዘዝ ማስቸገር የበሉበትን ወጪት መስበር መሰለው።

ቲኬት ቆራጯ አልገሠጸችውም። በየዙሩ መርፌውን ስትሰካለት የነበረችው ነርስ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታው እንደነበር ታውቃለችና፣ እንዲደውልላት ነገረችው። እሱ ግን ሰዓቱን አየ፤ ሰው ፌርማታ ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ እንደሆነ ተናገረ።

"ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምታደርሰውን ቁልቁለት አስባት እስቲ" አለችው።

አሰባት። ደወለ።

ነርሷ በድምፁ ብቻ አወቀችው፤ ደስታዋን አልደበቀችም። ሳታቋርጥ አዳመጠችውና መድኃኒቱ የእጅና የእግር ነርቮችን እንደሚጎዳ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራት ሊብስ እንደሚችል አስረዳችው። ብዙዎችን ቀስ በቀስ እንደሚለቃቸው፣ አንዳንዶች ላይ ግን ጥቂቱ እንደሚቀርም አልሸሸገችውም። ሳይመረመር መሪ እንዳይነካ፣ ሳይሰማው የቆሰለ እንዳይኖር ውስጥ እግሩን ማታ ማታ በዓይኑ እንዲያይ ነገረችው።

"ግን ለምን ዝም አሉን?"

"ነፍሴን አትርፋችሁልኝ፣ ደግሞ እግሬን ብዬ ብመጣ ነውር መሰለኝ።"

"አባባ፣ ምስጋናዎን ተቀብለናል" አለችው፤ በድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። "አሁን ደግሞ እግርዎን ይዘውልን ይምጡ። ዛሬውኑ።"

ሾፌሩ አለቃው ቢሮ ገብቶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"እግሬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ" አለው።

አለቃው አልሳቀም። ከወንበሩ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ አጥሩ አየና ሁሉንም እንዲነግረው ጠየቀ። ሾፌሩ ጠጠሯን ሳይቀር ነገረው። ቁጣ ሲጠብቅ፣ አለቃው ስምሪት ክፍል ሰው እንደጎደለ፣ መስመሩን ሁሉ እንደ እሱ የሚያውቅ እንደሌለ፣ እስኪሻለው እዚያ ቢቀመጥ መሥሪያ ቤቱ እንደሚጠቀም አወራለት።

"ሰው ገጭተህ ብትመጣ ምን አደርግህ ነበር?" አለው በመጨረሻ፣ ቁልፉን ወደ መሳቢያው እየከተተ።

ተተኪ ሾፌር መጣና አውቶቡሱ ዘግይቶም ቢሆን ወጣ። መስመሩ በሆስፒታሉ ደጃፍ ስለሚያልፍ እሱም በተሳፋሪ በር፣ ብረቱን ጨብጦ፣ እግሩን በዓይኑ እየመራ ገባ። ቲኬት ቆራጯ መስኮት ሥር አስቀመጠችው። ሃያ ዓመት ሙሉ መንገዱን የሚያውቀው በመብራትና በመስታወት ነበር። አሁን በረንዳ ላይ ፍራሽ የምታሰጣ ሴት አየ፤ ደጃፉን ውሃ የሚረጭ ፀጉር አስተካካይ አየ፤ ባለፈው ዓመት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ነው ብሎ የተሰናበተው ዛፍ ቅጠል አውጥቷል። ቁልቁለቷ ላይ ተተኪው ገና ከላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ልጆቹ ተሻገሩ። ሾፌሩ ለማያውቀው ለዚያ ሰው በልቡ ዕድሜ ተመኘለት።

ሆስፒታሉ ሲቃረብ ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ አርፋ ነበር። ወንበሩ ተመቸው። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ቢመለስ፣ ነገ ጠዋት ቢመጣ ምን ይላል? እግር አይደል? አንድ ቀን ያድራል።

ቲኬት ቆራጯ ከሰው መሃል አሻግራ አየችው።

ብረቱን ጨብጦ ተነሣና፣ ሃያ ዓመት ከኋላው ሲሰማው የኖረውን፣ እሱ ግን አንድም ቀን ብሎት የማያውቀውን ቃል ጮክ ብሎ ተናገረ፤

"ወራጅ አለ።"