ኢህሳን ሳታስበው የላከችው ድምፅ

ኢህሳን ብሪታንያ፣ ካርዲፍ ከተማ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ሙርተዳ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሷ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ሐጃ ዘይነብና ታናሽ እህቷ ሱሐይር ጦርነቱ ከካርቱም ካፈናቀላቸው ወዲህ ከሰላ ከተማ፣ አንድ ዘመዳቸው ግቢ ውስጥ ተጠግተው ይኖራሉ።

የአገር ቤት ወሬ ወደ ኢህሳን የሚደርሰው በሱሐይር ድምፅ ነው። ሱሐይር መጻፍ አትወድም፤ ስልኩን አፏ ላይ ደቅና ያየችውንና የሰማችውን ታወራለች። እገሌን ወባ ጣለው፣ መብራት ከጠፋ ሰነበተ፣ የአክስታችን ልጅ ሙጃሂድ እንደወጣ አልተመለሰም፣ እማዬ ጉልበቷን አሟታል። ኢህሳን አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። አንዳንዴ የምትወርድበትን ፌርማታ ታልፋለች።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ዝናብ ሲደበድባት ገባች። አለቃዋ በሰው ፊት ስትቆጣት ውላለች። ስልኳን ስታየው የሱሐይር ረጅም ድምፅ ተቀምጧል። ሳትከፍተው ተወችው። በምትኩ አጎራባች ከተማ ኒውፖርት ለምትኖረው ጓደኛዋ ለነፊሳ ድምፅ ቀዳች።

«ነፊሳ፣ ሱሐይር ደግሞ ልካለች። ወላሂ ልሰማው አልፈልግም፤ ሰልችቶኛል። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ደስ የሚል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም እኮ። የመርዶ ማጠራቀሚያ ሆኜ ቀረሁ። እማዬም ያው ናት፤ ‹ውይ ጉልበቴን፣ ውይ ወገቤን፣ ውይ ዓይኔን...›»

የእናቷን ድምፅ አስመስላ አቃሰተች፤ ራሷም ሳቀች፤ ላከችው።

ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ነፊሳ አለመመለሷ ገረማትና ስልኩን አነሣች። ድምፁ የሄደው ለነፊሳ አይደለም። የሄደው የቤተሰቡ ሰዎች ሁሉ ወዳሉበት የዋትስአፕ ቡድን ነው። ከሥሩ ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል፤ ተሰምቷል ማለት ነው። ቶሎ ብላ አጠፋችው። ግን ሱሐይር የመጣውን ድምፅ ሁሉ ከፍ አድርጋ ለእናቷ እንደምታሰማ፣ ጎረቤቶችም አብረው እንደሚሰሙ ታውቃለች።

እዚያው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ የሱሐይርን ድምፅ ከፈተችው። መጀመሪያ የተሰማው እልልታ ነው።

«ኢህሳን! ሙጃሂድ ተገኘ! በእግሩ መጣ፣ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። እማዬ ‹ከሁሉ በፊት ለኢህሳን ንገሪያት፣ እሷ ናት በሐሳብ ያለቀችው› ስላለች ነው። ስሚው፣ እሱም ሰላም ይልሻል...»

ኢህሳን እስከ መጨረሻው መስማት አቃታት። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ።

ወዲያው ደወለች። ሱሐይር በጣም በጨዋ አነጋገር መለሰችላት። «ምንም አይደል። ሥራ ውለሽ ደክሞሽ ነው።»

ብትቆጣት ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከከሰላ የሚመጣው አንድ ዓይነት ሆነ፦ «ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ?» የታመመ የለም፣ የሞተ የለም፣ መብራት የጠፋበት የለም።

በሁለተኛው ወር አንድ የሱዳን ሠርግ ተጠራች። ሴቶቹ በተቀመጡበት ሐጃ በቱል የሚባሉ የከሰላ ሴት ጠጋ አሏት።

«የእናትሽ ዓይን እንዴት ሆነ? ሞራው ሲነሣላት እህቴ አብራት ነበረች። በጣም ፈርታ ነበር አሉ።»

ኢህሳን የምታውቀው ነገር የለም። ሴቶቹ ሁሉ መልሷን ይጠብቃሉ። «ደህና ናት፣ በየቀኑ እንነጋገራለን» አለች። ሐጃ በቱል ትንሽ አዩዋትና ዓይናቸውን መለሱ። መዋሸቷን ማወቃቸው ገባት። ጉርሻዋን ሳትውጥ ተነሥታ ወጣች፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆማ ደወለች።

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

 «ማን ነገረሽ?» አሉ ሐጃ ዘይነብ።

«ሐጃ በቱል። እንዴት ከባዳ እሰማለሁ? ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ማጠራቀሚያው ሞልቷል ብለን ነዋ።» ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። «ደግሞ አላወቅሽበትም። እኔ እንደዚያ ነው የማቃስተው? እኔ ሳቃስት ግቢው ሁሉ ይሰማል።»

ሐጃ ዘይነብ ሳቁ። ኢህሳን ግን መሳቅ አልቻለችም። «ይቅር በይኝ እማዬ።»

«እኔማ የወለድኩሽ ነኝ፣ ወዴት እሄዳለሁ። ያቺ ናት የከፋት። ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ‹ኢህሳን ደስ ብሏት መልሳለች፣ ስሙ› ብላ ነበር የከፈተችው።»

 ኢህሳን ያገኘችው መኪና ላይ ተደገፈች። «ስልኩን ስጫት።»

ከርቀት የሱሐይር ድምፅ ተሰማ። «እጄ ሊጥ ነው በያት።»

ማታ ሙርተዳ ነገሩን ሰምቶ፣ «አንቺስ ችግርሽን ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?» አላት። አታውቅም። ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው።

ከዚያ በኋላ እሷም መላክ ጀመረች። ሥራ ቦታ እንዴት እንደሚጮሁባት፣ ከጎረቤት በምን እንደተጣላች፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደምታጣ። ስታወራ አፏ ይተሳሰራል፤ ሱሐይርን የምታባብል እየመሰላት ታፍራለች። ከሱሐይር የሚመጣው ያው «አልሐምዱሊላህ» ነው። ቢሆንም አላቆመችም።

አንድ ቀን ዘይት ፈናጥቆ ክንዷን አቃጠላትና ይህንኑ ተናግራ ላከች። ምሳ ሰዓት ላይ አጭር ድምፅ መጣላት።

«ማር ቀቢው፤ እማዬ ናት ያለችው። ውኃ እንዳታስነኪው ብላለች።» ከዚያ ሱሐይር ስለ ራሷ ቀጠለች። «እኔም ጥርሴን እያመመኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።»

ኢህሳን ድምፁን ደጋግማ ሰማችው። የሥራ ጓደኞቿ እንባዋን አይተው ክንድሽ በጣም አመመሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እህቴ ጥርሷን አሟት ነው ለማለት አፈረች። አዎ አለቻቸው።