ቧንቧው የሚያልፍበት ደጅ

«ሸራው ካልተነሳ መቆፈር አንችልም» አለ ፎርማኑ፣ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ እንደያዘ። «የውሃ መስመሩ የሚያልፈው እዚሁ፣ ወንበሮቹ ሥር ነው።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እግሩ ሥር አየ። አንዲት አሮጊት እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ሟቹ የሰፈሩ ተመራጭ ነበር፣ የምክር ቤት አባል። ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም። ከቤቱ ጣሪያ እስከ ማዶው አጥር ጠባቧን መንገድ አቋርጦ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ፀሐይዋን አጣርቶ ነው የሚያሳልፋት፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ፊቱም እጁም ሰማያዊ ይሆናል፣ ንግግሩም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ባለቤቱ ከበሩ አጠገብ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በእንቅልፍ ልብ ነበር የምታየው። ሰዎች ይመጣሉ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። እሷ እንባዋን ስትጠብቅ ሰነበተች። አልመጣም።

«ምን አልክ አንተ?» ብሎ ተነሳ የሟቹ ታላቅ ወንድም። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው፤ ድምፁ ዛሬም ሰው ያሰልፋል። ቤተ ዘመዱ ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ «ጋሼ» ይሉታል። «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ደጁን ልትቆፍሩ መጣችሁ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ምን ላድርግ ብለው ነው? ተራችሁ ደረሰ። አሁን ካልገባን ማሽኑ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፤ ከዝናቡ በኋላ ደግሞ...» ፎርማኑ ወደ ቤቱ በር ተመለከተ። «ከዝናቡ በኋላ ያለውን እሳቸው ነበሩ የሚያውቁት።»

«ለቅሶ ነው ያለው እዚህ! ትንሽ እንኳ አታፍሩም? ሂዱ!»

ፎርማኑ አልተቆጣም። እስከ ነገ ጠዋት እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ በላይ ግን በእጁ እንዳልሆነ ተናግሮ ቆቡን አጠለቀና ሄደ። ከኋላው ብዙ አፍ ተከፈተ። ጉድ ነው አሉ፣ ዘመኑ ከፋ አሉ፣ ሰው መፍራት ቀረ አሉ። ዝም ያሉት የታችኛው መንደር ሴቶች ብቻ ናቸው። ውሃ የሚጠጡት ከላይኛው ቦኖ በጀሪካን ተሸክመው ነው፤ ይህንን ቧንቧ ስንት ዓመት ጠብቀውታል። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ይቆፈርልን» ማን ይላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁሉም ብርጭቆውን ያያል። ሌላው ቀርቶ ሰፈሩ ጡሩንባ የሚላት፣ ምስጢር አፏ ውስጥ አድሮ የማያውቀው ጎረቤት፣ የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ ድምጿ ጠፋ።

ባለቤቱ ይህን ዝምታ ሰማችው። ሰምታም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለምን ብላ? ሃያ ዓመት ያህል ባሏን ሲወስዱባት የኖሩ ሰዎች ናቸው። እራት ላይ ሲቀመጥ በሩን ያንኳኳሉ፦ መብራት ጠፋ። የገዛ እህቷ ሠርግ ላይ እጁን ይዘው ጥግ ያስገቡታል፦ ቦዩ ተደፈነ። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ አልጋው ዳር ብርቱካን አስቀምጠው «ለመሆኑ የመንገዱ ነገር...» ይሉ ነበር። እነዚህ ጥቂት ቀኖች ግን የእሷ ናቸው። ሴት ባሏን ስታጣ ደጇን ዘግታ፣ ሸራዋን ወጥራ፣ ለራሷ የምታለቅስበት ጊዜ ይሰጣታል። አልቅሳ ሳትጨርስ፣ ኧረ ገና ሳትጀምር፣ ይህንንም ውሰዱት ልትል ነው?

«አንቺ ምንም አታስቢ» አላት ጋሼ፣ አጠገቧ ተቀምጦ። «እኔ እያለሁ እዚህ ደጅ አካፋ አይነሳም።»

«እሺ ጋሼ» አለች። በሰው ለቅሶ ማታ ማታ ወንበር የሚያነሳው ባሏ ነበር ብላ አሰበች፣ ከዚያ ደግሞ ይህኛው ለቅሶ የእሱ እንደሆነ ትዝ አላት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፈሩ ሟቹን «ጋሽ በቅርቡ» ነበር የሚለው። መብራቱስ? በቅርቡ። የቆሻሻ መኪናውስ? በቅርቡ። ክሊኒኩስ? እሱማ በጣም በቅርቡ! ሰውም ላም አለኝ በሰማይ እያለ ይስቅበታል። አንድ ቀን ስሙ ከጆሮው ገባ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ቃል ከአፉ አልወጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ከፀጉር አስተካካዩ ደጅ ይቆምና የተሠራውንም፣ ያልተሠራውንም፣ እምቢ ያለውንም ሳያለባብስ ይናገር ጀመር።

«የላይኛው መንገድ መብራት ግማሹ በርቷል፤ ግማሹ አልበራም፣ ገመዱ ተሰርቋል። የሰረቀው እዚህ ቆሞ የሚሰማኝ ከሆነ እንደምን አደርክ። የቆሻሻ መኪናው ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ ዞሯል፤ ማክሰኞ የምታወጡት ለውሻ ነው። የክሊኒኩ ጣሪያ ያፈሳል። ሄጄ ጮኼያለሁ፣ ሰኞም ሄጄ እጮሃለሁ።»

ሰው ፀጉሩን በግማሽ ተቆርጦ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጥቶ ይሰማው ነበር። እሷም አንድ ቅዳሜ ከኋላ ቆማ ሰማችው። በወር ያልነገራትን በግማሽ ሰዓት ሲናገር አየች። ያ ቀልደኛ፣ ያ እጁን እያወናጨፈ የሚያስቀው ሰውዬ ቤት ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ግድግዳ የሚያይ ነው። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ልጄ፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አገባሽ» ይሏት ነበር። ቀጋ እንኳ ሆኖላት አያውቅም። ቀጋ ይወጋል፤ እሱ ዝም ነው የሚለው።

ቧንቧው ደግሞ በሁለቱ መካከል ራሱን የቻለ ጠብ ነበር። ውሃ ከላይኛው መንደር ጀምሮ ሲዘረጋ የእነሱ መንገድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይገፋል። የሚገፋው ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋት፤ እሱ ራሱ ነበር።

«በራሱ ደጅ ጀመረ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?» ይላታል።

«በራሱ ደጅ ጨረሰም ሲሉህ አልሰማሁ።»

«ይደርሰናል።»

«በቅርቡ በላ!»

እንደዚያ ስትለው ይስቅና ጀሪካኖቹን ያነሳል። ሰፈሩ የማያውቀው፣ ቅዳሜም ያልተነገረ አንድ ነገር ይህ ነበር፦ ሲነጋጋ ውሃ የሚቀዱት አብረው ነው። እሱ ሁለት፣ እሷ አንድ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፤ «ለመሆኑ» ብሎ እጁን የሚይዘው የለም። እሱም እዚያ ዳገት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ሕልሙን ይነግራታል። የመንገድ መብራቶቹ በሰልፍ ወርደው ከወንዙ ውሃ ሲጠጡ አይቻለሁ ይላል። ክሊኒኩ ክንፍ አውጥቶ በጣሪያው ሲበር፣ ነርሷ በመስኮት «ነገ ተመለሱ!» ስትል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንቺን አየሁሽ አላት፤ በልጅነትሽ፣ እኔን ገና ሳታውቂኝ፣ ትልቅ ሜዳ ላይ ቆመሽ ስሜን ስትጠሪ። እኔ ግን ጀሪካን ይዤ ስለነበር መሮጥ አቃተኝ፣ አለ።

«አስቀምጠኸው አትሮጥም ነበር?»

«ውሃው ይደፋላ!»

ሁለቱም ቆመው እስኪደክማቸው ሳቁ። «ይህን ለሰው እንዳታወሪ» አላት። «ተመራጭ ሰው እንዲህ ያልማል አይባልም።»

በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ስታይ ጆሮዋን ያስጠጋችው ያንን ሰው ፈልጋ ነበር። የዳገቱን ሰውዬ። እሱ ግን በተቆራረጠ ትንፋሽ «ማሽኑ ከዝናቡ በፊት ይግባ» አላት። «እንዳያልፈን።» ሌላ አልጨመረም። ሁሉም ሰው «ምን ብሎ ሞተ?» ብሎ ሲጠይቃት «ምንም» ያለችው አፍራ ነው። እንባዋም እዚያ ላይ ነው የቆመው። ለቧንቧ ተሰናብቶ ለሄደ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ነቃች። ቤቱ በተኙ ዘመዶች ተሞልቷል። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው አንድ ጀሪካን አነሳችና ወጣች። ጭጋጉ ዝቅ ብሎ ዳገቱን ከግማሽ በላይ ውጦታል፤ ከእግሯ ድምፅ በስተግራ ሌላ እግር የሚሰማ መሰላት፣ ትንሽ የሚጎተት፣ ሁለት ጀሪካን የያዘ ሰው እግር። ዘወር አላለችም። ዘወር ብትል እንደሚጠፋ ታውቃለች። ስለዚህ ዝም ብላ ወጣች፣ እሱም አብሯት ወጣ።

ከጭጋጉ ውስጥ ግን ሰው መጣ። ጡሩንባ ናት፣ ጎብጣ፣ ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አዝላ። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ የታችኛው መንደር ሴቶች በሙሉ፣ ተከታትለው የሚወርዱ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሐዘንተኛ ውሃ ይቀዳል?»

«እናንተስ? ይህ ሁሉ ውሃ ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል፣ ላንቺ ለቅሶ ነዋ! ሰዉ ሲያለቅስ ሻይ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ብርጭቆ ያቆሽሻል። ያንቺ ሰውዬ ወዳጁ በዛ እኮ፣ የኔ እናት። ወገቤ ሊቆረጥ ነው።» ብላ ከሳቀች በኋላ መሳቋ ራሷን አስደነገጣትና አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር በይኝ። ደክሞኝ ነው።»

«ትናንት ለምን ዝም አልሽ? ፎርማኑ ሲመጣ?»

ጡሩንባ መሬት መሬት አየች። «ምን ልበል? ባልሽን ቀብረሽ የተቀመጥሽበትን ቦታ ልቀቂልን ልበልሽ? አፌ ክፉ ነው ይላሉ እንጂ እዚህስ አልደረሰም።»

ሴቶቹ አልፈዋት ወረዱ። ባለቤቱ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች ዳገቱ መሃል ቆማ ቀረች። ውሃው ከገባ እዚህ መንገድ ላይ ሲነጋ ሰው አይኖርም። ማንም ለማንም ሕልሙን እየነገረ አይወጣም። ይህን እያሰበችም እንባዋ እምቢ አለ። ፊቷን ወደ ቤቷ መለሰች።

ጋሼ ሲወጣ ወንበር ላይ ቆማ የሸራውን ገመድ ስትፈታ አገኛት።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል?»

«ይቆፈር ጋሼ።»

«ሰው ምን ይላል? ወንድሜን እኮ ነው የቀበርነው! ድመት አይደለም!»

ከወንበሩ ሳትወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችው። «ሲሞት ምን እንዳለ ጠይቀኸኝ ነበር። ማሽኑ እንዳያልፈን ነው ያለው። ስሜን አልጠራም። ስምህንም አልጠራም። ቧንቧውን ነው የጠራው።» ገመዱ ተፈታና ሸራው በአንድ ጎኑ ወደቀ። «እንግዲህ ይግባ። ይግባና ይውጣልኝ።»

ጋሼ ጎንበስ አለና ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ሥር ያጓጉዝ ጀመር።

ፎርማኑ መጣ። ሠራተኞቹም መጡ፤ የድንጋይ መብሻውን የሚያሠራው ኮምፕሬሰር በመኪና እየተጎተተ ጠባቧን መንገድ ሞልቶ ገባ። ለቀስተኞች በአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሰማያዊው ብርሃን ስለሌለ የሁሉም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ያረጀም ይመስላል። ባለቤቱ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ክፍት ትታ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች፣ እሱ ጫማውን እያወለቀ ግድግዳ ያይበት በነበረው በኩል።

ማሽኑ ተነሳ። የድንጋይ መብሻው መሬቱን ሲነካ ቤቱ ከነመስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆዎቹ ትሪያቸው ላይ ዘለሉ፤ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው መስማት አቃተው። የምታጽናናት፣ «በቃሽ» የምትላት፣ የተመራጩ ሚስት እንዴት ታለቅስ ይሆን ብላ ጆሮዋን የምታቆም አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። እሷም አፏን ከፈተች። ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ከሆዷ ሥር፣ ከዳገቱ፣ ከዚያ ትልቅ ሜዳ። ስሙን ጠራች። ቅዳሜ የሚጠሩበትን ሳይሆን እሷ ብቻ የምትጠራበትን። ደግማ ጠራችው፣ ሰደበችው፣ ለመነችው፣ ለማን ጥለኸኝ አለችው፤ ራሷም አልሰማችውም፣ ጉሮሮዋ ሲሰነጠቅ ብቻ ታወቃት።

ፎርማኑ ከጉድጓዱ ጫፍ ቀና ሲል በክፍቱ በር አያት። አልጋው ላይ ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ፣ ፊቷ በእንባ ሲታጠብ። ደነገጠና ማሽኑን አጥፉት ብሎ ለሠራተኞቹ እጁን አነሳ።

ጋሼ ከአጥሩ ሥር ብድግ አለ። በበሩ በኩል የወንድሙን ሚስት አያት፤ ከዚያ ለፎርማኑ ራሱን በአሉታ ነቀነቀና፣ ሽማግሌ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ እያለ አወናጨፈ።