የደም ግፊት መለኪያ በዳሪሙ ገበያ

ሰው የነገውን አያውቅም፤ የትናንቱንም ቢሆን የሚያስታውሰው ጥቂቱን ነው። የራሳችንን ጠጕር ቍጥር የሚያውቅ፣ ክረምትንና በጋን በልክ የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር ግን ይህችን ትንሽ ነገር ከመሆኗ አስቀድሞ ያውቃታል። እርሱ በፈቀደው ጊዜ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በመቱ ከተማ ነመራ የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበረ።

ነመራ በመንግሥት ክሊኒክ ስድስት ዓመት ድሬሰር ሆኖ ቍስል አጥቧል፤ መርፌም ወግቷል። ደመወዙ በወር ሰማንያ ብር ነበረች። የመንግሥት ደመወዝ እንደ ጠል ናት፤ ትንሽ ብትሆንም አትቀርም። ነገር ግን ከፊቱ ያለውን መንገድ ሲያይ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለው ባልደረባው መቶ ዐሥር ብር ላይ ቆሞ፣ ያንኑ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ያችኑ ወንበር ይዞ ያገኘዋል። ድሬሰር ሆኖ የገባ ድሬሰር ሆኖ ጡረታ ይወጣል።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ምንዳዬ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው በአውሮፕላን ጎሬ ወርደው ወደ መቱ መጡ። የሐኪም ቤት ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ኩባንያ ሹም ነበሩ። ነመራ መርፌውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ለበሽተኛም እንዴት እንደሚናገር ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሻይ ጋበዙት።

«ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ታውቃለህ፤ መሣሪያውንም ታውቃለህ» አሉት። «ደመወዝህ ሃምሳ ብር ይሆናል። ከምትሸጠው ላይ ደግሞ ከመቶ ዐሥር ያንተ ነው። እስከ መጪው ሰኔ ሠላሳ ዐሥራ ሁለት ዋና ዋና ዕቃ ከሸጥህ የኢሉባቦር ዋና ወኪል ትሆናለህ፤ ያን ጊዜ ሁለት መቶ ብር ቍርጥ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የበቅሎህም ቀለብ ከኩባንያው ነው።»

ነመራ ይህን ለሚስቱ ለሙላቷ በነገራት ጊዜ፣ ጎመን ትቀነጥስ ነበርና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሰማንያ ብር ጥለህ ሃምሳ ልትይዝ? ሒሳብ ያስተማረህ ማን ነው?»

«ሁለት መቶው አለ እኮ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!»

«በሰማይ አይደለችም፤ በሰኔ ሠላሳ ናት።»

ሙላቷ ሳትፈልግ ሳቀች። ሴት በሳቀችበት ነገር መልሳ መቈጣት ይከብዳታል፤ እንዲሁ ሆነና ነመራ ከመንግሥት ሥራው ተሰናበተ።

ዓመቱ ግን እንደ ሻዩ ግብዣ ጣፋጭ አልሆነም። ክሊኒኮች ዕቃ ይወዳሉ፤ በጀታቸው ግን ጎሬ ነው፤ የጎሬው ፈቃድ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ነመራ በያዮ የቡና ጫካ ውስጥ በጭቃ ሲንቦራጨቅ ውሎ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ለመሸጥ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በጎሬ ሁለት የመርፌ መቀቀያ ሸጠ። ግንቦት ሲያልቅ የሸጠው ሰባት ብቻ ነበረ። ድርሻው ከደመወዙ ጋር በወር በወር ሲካፈል ሰባ ብር ይሆናል፤ ከድሬሰርነቱም ዐሥር ብር ያንሳል ማለት ነው። ሙላቷ ታውቃለች፤ ነገር ግን አላነሣችበትም። ዝምታዋ ከነገር ይልቅ ከበደው።

ከሰባቱ አንዱን የሸጠው በጥር ወር በዳሪሙ ነበር። የዚያ ቀን ሥራው እንዲህ ነው። ገበያው በደመቀበት ሰዓት የቡና ነጋዴው የአቶ ጀላሉ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የደም ግፊት መለኪያውን ከፈተ። የጨርቁን መቀነት በአንድ ሽማግሌ ክንድ ላይ ጠምጥሞ የጎማዋን ኳስ ሲጨምቅ፣ ጨርቁ ሲነፋ፣ ባዜቃው፣ ያ ብር መሳይ ፈሳሽ፣ በመስተዋቱ ቧንቧ ሽቅብ ሲወጣ ሕዝቡ ተደነቀ። አየሩ በተለቀቀ ጊዜ ሽማግሌው ክንዳቸውን አራገፉና፣

«ይህስ ያለ ምላጭ የሚሠራ ዋገምት ነው!» አሉ።

በዚያ አገር ራሱን ያመመው ሰው ቆዳውን በምላጭ አስበጥቶ፣ መጥፎ ደሙን በቀንድ አስመጥጦ ዋገምት መታከም የቈየ ልማድ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ነመራም አብሮ ሳቀ። «አይደለም» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቁ ግን ገበያ አመጣለት፤ አቶ ጀላሉም በዚያው ሰባ ሁለት ብር ቈጥረው ዕቃውን ገዙ። ነመራ ሊያርመው የሚገባውን ቃል ዋጠና በቅሎው ላይ ወጣ።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከአቶ ጀላሉ መልእክት መጣ፦ «ያን ዕቃ ስድስት አድርገህ አምጣ፤ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ይጠብቅሃል»። ነመራ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። የጎደሉት አምስት ነበሩ። ስድስት ከሸጠ አንድ ይተርፈዋል። ሙላቷ ያን ዕለት ካባውን አጥባ፣ ዝናብ ቢሆንም በእሳት አድርቃ አለበሰችው፤ በበቅሎውም ኮርቻ ላይ ስድስቱን ሣጥን በሰሌን ጠቅልላ ራሷ አሰረችለት።

ሐሙስ ዳሪሙ ሲደርስ ገበያው ቆሟል። በአቶ ጀላሉ ሱቅ ውስጥ በቡና ጆንያዎቹ አጠገብ ባለ ረጅም አግዳሚ ላይ ዐሥራ አምስት የሚያህሉ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። አቶ ጀላሉ በመካከላቸው ጎማዋን ይጨምቃሉ።

«መጣህ ዶክተር!» አሉት ስቀው። «ና እይ፤ ይኸው ሥራህ።»

«ጋሼ ጀላሉ፣ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ይነፋል፣ ይለቀቃል፣ ይሄዳል። ለአንድ ክንድ ስሙኒ። ከሁለቱም ክንድ ለሚል ግን ዋጋ እቀንሳለሁ።»

«ጆሮ ላይ የሚገባውስ ማዳመጫ?»

«እዚያ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እኔ ጆሮዬ ጤነኛ ነው፤ ምን ያደርግልኛል?»

ሰዎቹ ሳቁ። አቶ ጀላሉ ግን አታላይ አልነበሩም። በየማለዳው በራሳቸው ክንድ ላይ ይሞክሩት እንደነበር፣ ለድሀም በነፃ ይነፉ እንደነበር ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ከስድስት ገበያ የመጡ ስድስት ነጋዴዎች ደግሞ በጓዳው ተቀምጠው፣ እንደርሳቸው ሊያክሙ ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይጠብቁ ነበር።

በዚህ ጊዜ አዴ ሻሽቱ የተባሉ አሮጊት ሁለት እንቍላል በእጃቸው ይዘው ከአግዳሚው ተነሡ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ሲራመዱም ወደ ጎን ያዘነብላሉ።

«ዛሬ አጥብቅልኝ ጀላሉ። ራሴ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል።»

ነመራ ሳያስበው ማዳመጫውን ከሚስማሩ አወረደ። «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ልንፋልዎ» አለና ጠመጠመ፤ ነፋ፤ ጆሮውንም ሰጠ። ባዜቃው ከሁለት መቶ ሃያው መሥመር ላይ እያለ የደሙ ምት በጆሮው እንደ ከበሮ መታ። ደግሞ ነፋ፤ ያው ነው።

«ራስዎን ካመመዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ከፋሲካ በፊት። መቱ ሐኪም ቤት ልሄድ ስንቄን ሰንቄ ነበር፤ ይህ በደጄ ሳለ ምን አደከመኝ? በየሐሙሱ እነፋለሁ። ሲለቀቅ ቀለል ይለኛል፤ ገላቶማ፣ እግዜር ይስጣችሁ!»

ነመራ የጎማዋን ኳስ ከእጁ አኖረ። በጓዳው ያለው ገንዘብ ታየው፤ ሁለት መቶው ብር ታየው፤ የሙላቷም ዝምታ ተሰማው። ከሁሉ በላይ ግን በጥር ወር የዋጣት ቃል በጉሮሮው እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች። ከእነዚህ ስድስት ሣጥኖች በኋላ ስድስት ገበያ፣ በየገበያውም ስንት አዴ ሻሽቱ!

ብድግ አለና በሁለቱም ቋንቋ ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ ይህ ዕቃ አያድንም። በሽታን ይለካል እንጂ አያወጣም። ዋገምት ነው ሲባል ሰምቼ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ ጀላሉ ቀስ ብለው ቆሙ።

«ሲነፋ ያሳየኸን አንተ! የሸጥህልኝ አንተ! አሁን በገበያ ቀን፣ በገዛ ሱቄ ታዋርደኛለህ?»

«ጋሼ ጀላሉ፣ ይህን የቡና ሚዛን ይዩት። እርጥብ ቡና ሚዛን ላይ ሲሰቅሉት ይደርቃል?»

«እንዴት አድርጎ ይደርቃል? ማድረቅ የፀሐይ ሥራ ነው።»

«ይህም ሚዛን ነው። ደም ሲከብድ መክበዱን ይነግራል፤ የሚያቀለው ግን የሐኪም መድኃኒት ነው። የእትዬ ሻሽቱ ደም ዛሬ እጅግ ከብዷል። ሐኪም ሳያያቸው ሌላ ሐሙስ ቢደርስ እፈራለሁ።»

አቶ ጀላሉ ሚዛኑን አዩ፤ አሮጊቷንም አዩ። ሃያ ዓመት ቡና የመዘኑ ሰው ናቸውና ነገሩ ቶሎ ገባቸው፤ ቶሎ ስለገባቸውም ይብስ ተናደዱ።

«ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ አስከፍያቸዋለሁ በለኝ! አስተግፊሩላህ! ብሬን መልስ፤ ዕቃህን ከዓይኔ አርቅ!»

ነመራ ከኪሱ ሰባ ሁለት ብር ቈጠረላቸው፤ ከኩባንያው ገንዘብ ሳይሆን ለቤቱ ከያዘው። ከጓዳው አንዱ ነጋዴ፣ «የሸጠውን መልሶ የሚገዛ ሻጭ ዛሬ አየሁ!» ብሎ ተሳለቀ፤ ሌሎቹም መሐረባቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ። አንዱ ብቻ፣ «ለእኔ ሽጥልኝ፤ ለመለካት ነው እላቸዋለሁ» ቢል፣ ነመራ ማዳመጫውን ሰጥቶ «ስማና ንገረኝ» አለው። ሰውየው ምንም አልሰማም፤ ሽያጩም ቀረ።

አስቸጋሪዋ አዴ ሻሽቱ ነበሩ።

«የሚቀለኝን ነፍገህ ወዴት ልትወስደኝ ነው? በዚህ ጭቃ!»

«በቅሎዬ አለች እትዬ።»

«አንተስ?»

«በእግሬ።»

«ካባህን እይ፤ ሚስትህ ስታጥበው እንዴት እንደደከመች ያስታውቃል። ትረግምሃለች» አሉና እየተነጫነጩ ወጡ። እርካቡን የያዙላቸው አቶ ጀላሉ ነበሩ፤ ነመራን ግን ቀና ብለው አላዩትም። ሣጥኖቹ በሱቁ ቀርተው በማግሥቱ ወደ መቱ በጭነት ተላኩ። መቱ ሐኪም ቤት አዴ ሻሽቱን ዐሥራ ሁለት ቀን አስተኝቶ፣ ክኒን አስጀምሮ፣ ጨው ከልክሎ ሰደዳቸው። ጨው የሌለበት ጎመን ከበሽታው ይከፋል እያሉ አገሩን አስመረሩት።

ሰኔ ሠላሳ መጣና ሄደ። ነመራ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ለአቶ ምንዳዬ ጻፈ። መልሱ በሐምሌ አጋማሽ በአውሮፕላን ጎሬ ደረሰ፤ ነመራም ለሙላቷ አነበበላት፦

«የሸጥኸው ሰባት ነበረ፤ አንዱን መልሰህ ስድስት አደረግኸው። ልብህ ደግ ነው፤ ነገር ግን በሽያጭ መዝገባችን ለደግነት የተሰመረ ዓምድ የለም። ዋና ወኪልነቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በቀድሞው ደመወዝህ መቀጠል ብትፈቅድ አንከለክልህም።»

ነመራ ከዚያ በፊት ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ጠይቆ ነበር። ወንበሩ ላይ ሌላ ድሬሰር ተቀምጧል።

ሙላቷ ደብዳቤውን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ገልብጣ አየችው።

«ሃምሳዋ ግን አለች?»

«አለች።»

«ሌላው ሰው ሁለት መቶውን ይብላ?»

«ይብላ።»

ደብዳቤውን አጣጥፋ መለሰችለትና፣ «አሮጊቷ ቤቷ ገባች?» ብላ ጠየቀች።

«ገባች። ስትሳደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ተቀመጥና ብላ፤ ነገ የያዮ መንገድ ሩቅ ነው» አለችው፤ ሳህኑንም አቀረበችለት። ነመራም አማትቦ በላ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሃምሳ ብሩ ደመወዝ፣ በበቅሎው ላይ ሣጥኑን ጭኖ፣ ወደ ያዮ ወረደ።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ይህን የሰማሽ እኅቴ፣ የቤታችሁን ምሰሶ ጌታ ያጽናላችሁ። በማዕዳችሁ የሚቀመጥ አይጕደል፤ ከደጃችሁ የሚገባው እንጀራ ጥቂትም ቢሆን ንጹሕ ይሁን፤ የታመመባችሁን ይማርላችሁ፤ ልጆቻችሁንም በዕድሜ በጸጋ ያሳድግላችሁ፤ አሜን።